እጅና እግር ሲደነዝዝ መነሻውን መፈለግ

የነርቭ ሕመም ስሙ ብዙ ነው። አንዱ "ያቃጥለኛል" ይላል፣ ሌላው "ይጠዘጥዘኛል"፣ ሌላው "ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል"። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ "ብርድ ነው" ተብሎ ወራት ያልፋል፤ ከዚያ የቫይታሚን ቢ መርፌ ይከተላል። ቫይታሚኑ የሚጠቅመው ግን ጉድለቱ ላለበት ሰው ነው። ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እንዲያውም ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ከማንኛውም መሣሪያ በፊት መጠየቅ ያለበት ድንዛዜው ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሄደ ነው። ከሁለቱም እግር ጣቶች ተነሥቶ ካልሲ የሚሸፍነውን ያህል ከወጣና ሌሊት ከባሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስኳር ነው። አልኮል፣ የቢ12 እጥረት፣ ኤችአይቪ፣ የኩላሊት ድካም፣ ለቲቢ የሚሰጠው አይሶኒያዚድም እንዲሁ ያደርጋሉ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ሌሊት የሚደነዝዙ ከሆነ ነርቩ የተጫነው የእጅ አንጓ ላይ ነው፤ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ከሆኑ ደግሞ ክርን ይታያል። ከወገብ ተነሥቶ በአንድ እግር የሚወርድ ሕመም የዲስክ ሊሆን ይችላል። የወገብ ኤምአርአይ የእግርን ቀጫጭን ነርቮች ስለማያሳይ "ንጹሕ ነው" መባሉ ፍለጋውን አይዘጋም።

በደምቢያና በፎገራ ጓያም መጠየቅ አለበት። ጓያ ክረምቱ ሲያበቃ በጥቁር አፈር ላይ በቀረው እርጥበት የሚበቅል፣ ሌላው እህል ሲጠፋ ሰው የሚደገፍበት ሰብል ነው። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። መለያው ይህ ነው፦ እግሩ ይገትራል፣ ሲራመድ ይጠላለፋል፣ የቆዳው ስሜት ግን በአብዛኛው አይጠፋም።

ስሜት ከጠፋ ሊረሳ የማይገባው ሥጋ ደዌ ነው። በአማራ ክልል ዛሬም አዳዲስ ታማሚዎች ይገኛሉ። ባክቴሪያው በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ተደብቆ ስለሚቆይ ታማሚው የት እንደያዘው አያውቅም። ቆዳ ላይ ደብዘዝ ያለ፣ የማያሳክክ፣ የማያልብ ምልክት ይወጣል፤ ቋቁቻ ተብሎም ቅባት ይታዘዝለታል። ማጣሪያው ደግሞ ብር አያስወጣም። ታማሚው ዐይኑን ይጨፍናል፣ መርማሪው ምልክቱን በጥጥ ጫፍ ይነካና "የት ነካሁህ?" ይላል። ጤነኛው ቆዳ ላይ በጣቱ የሚያሳይ ሰው ምልክቱ ላይ ሲደርስ ዝም ካለ ምርመራው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ቀጥሎ ከክርን ጀርባ ያለው ነርቭ ይዳሰሳል፤ ወፍሮ ከተገኘ ወይም ሲነካ ካመመ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በምጣድ ተቃጥላ ያልተሰማት ሴት፣ እሾህ ወግቶት ደሙን አይቶ ያወቀ ገበሬ ይህ ምርመራ ሳይደረግላቸው ሊሸኙ አይገባም።

መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ከ6 ወር ያልበለጠ የነርቭ ጉዳት በፕሬድኒሶሎን የመመለስ ዕድል አለው፤ ስሙን ፈርቶ መደበቅ የሚያሳጣው ይህን ጊዜ ነው። ጤና ጣቢያ መለየት ያልቻለውን ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች በሪፈር ይቀበላሉ።

ድንዛዜው በሰዓታት ወይም በቀናት ከእግር ወደ ላይ እየወጣ ጉልበት ከነሣ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ ግን ሪፈርና ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል።