ኮሌጅ ሳይገቡ የኮሌጅ ክሬዲት፤ ከመተማ ማዶ ላሉ ተማሪዎችና መምህራን

መተማን ተሻግረው ገላባት፣ ከገላባትም ወደ ገዳሪፍ የዘለቁ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልናል። ጥያቄውም «እዚህ የምንቆይበት ጊዜ በከንቱ እንዳያልፍ፣ ሁለተኛ ደረጃን ሳንጨርስ የኮሌጅ ትምህርት ጀምረን ቢቆጠርልን አይቻልም ወይ?» የሚል ነው። ከ11ኛ ክፍል ተነሥቶ የወጣ ልጅ ሁለት የሰሊጥ አዝመራ በአረምና በአጨዳ ካሳለፈ በኋላ እኩዮቹ ዩኒቨርሲቲ መግባታቸውን ሲሰማ ይህን ቢጠይቅ አያስደንቅም። ጥያቄው መልስ ይገባዋል፤ ስለዚህም ክሬዲት ምን እንደሆነ፣ በሌላው ዓለም አስቀድሞ እንዴት እንደሚገኝና በእኛ አካባቢ ላለ ተማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ክሬዲት ምንድን ነው?

ክሬዲት የትምህርት መለኪያ ነው። እህል በቁና እንደሚሰፈር ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ትምህርትም በክሬዲት ይሰፈራል። በተለመደው አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ማለት በአንድ መንፈቀ ዓመት ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት በክፍል መማርና ለዚያ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል በግል ማጥናት ነው። ለምሳሌ ያህል ባለ 3 ክሬዲት የሒሳብ ትምህርት 16 ሳምንት ቢሰጥ በክፍል 48 ሰዓት፣ በግል ጥናት 96 ሰዓት፣ በጠቅላላው 144 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሰዓቱን መቁጠር ብቻውን ክሬዲት አያስገኝም። ትምህርቱን የሰጠ ተቋም መኖር አለበት፤ የፈተነ መኖር አለበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጤቱን አይቶ «ይህን ተምረሃልና ድጋሚ አትማረውም» የሚል ተቀባይ ተቋም መኖር አለበት። ቁና የሚያገለግለው ሻጭም ገዢም ሲያምኑበት ነውና፣ ክሬዲትም የሚሠራው በሰጪውና በተቀባዩ መካከል መተማመን ሲኖር ብቻ ነው።

በሌላው ዓለም እንዴት ይገኛል?

በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ የኮሌጅ ክሬዲት የሚገኝባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው በፈተና ነው። በአሜሪካ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮሌጅ ቦርድ «አድቫንስድ ፕሌስመንት» የተባለውን ፈተና ያዘጋጃል። ተማሪው በትምህርት ቤቱ ከበድ ያለ ትምህርት ተከታትሎ በግንቦት ወር ገደማ ይፈተናል፤ ውጤቱም ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል። ብዙ ኮሌጆች 3 ወይም ከዚያ በላይ ላገኘ ክሬዲት ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ ግን 4 ወይም 5 ይጠይቃሉ፤ ጨርሶ የማይሰጡም አሉ። በእንግሊዝ በ1951 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የ«ኤ ሌቭል» ፈተናና በ1968 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የተመሠረተው «ኢንተርናሽናል ባካሎሬት» በመሠረቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያዎች ናቸው፤ ነገር ግን በነዚህ ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ በአሜሪካ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያው ዓመት ትምህርት የተወሰነው ይቆጠርለታል።

ሁለተኛው መንገድ ጣምራ ምዝገባ ነው። አንድ ኮሌጅና አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዋዋሉና ተማሪው በሁለቱም ይመዘገባል። የሚማረው አንድ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ካርዱም በኮሌጁ መዝገብም ይሰፍራል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። በሁለቱም መንገድ ስምምነቱ የሚቀድመው ትምህርቱን ነው። ማን እንደሚቀበል አስቀድሞ ሳይታወቅ የሚጀመር ትምህርት ዕውቀት ሊሆን ይችላል፤ ክሬዲት ግን መሆኑ አይታወቅም።

ከአገራችን የምናገኘው ትምህርት

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው አሠራር በተማሪ ደረጃ የተለመደ አይደለም። ይሁን እንጂ የኮሌጅን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ የማውረድ ሙከራ በአገር ደረጃ ተደርጓል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፍሎ 9ኛና 10ኛን አጠቃላይ፣ 11ኛና 12ኛን መሰናዶ አደረጋቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መሰናዶው ሥራ ላይ ሲውል ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት፣ በፍሬሽማን ይሰጥ የነበረው ትምህርት ወደነዚህ ክፍሎች ወረደ፤ አብዛኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት አጠረ። ከዚያም በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ፤ ዲግሪውም እንደገና ረዘመ።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ያው የሒሳብ ትምህርት ዛሬ የኮሌጅ፣ ነገ የመሰናዶ፣ ከነገ ወዲያ እንደገና የኮሌጅ ሊባል ይችላል። ስለዚህ አንድን ትምህርት የኮሌጅ የሚያሰኘው ይዘቱ ብቻ ሳይሆን የሚቆጥረው ተቋም ነው። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ወደ ታች ስለወረደ ብቻ የተማሪው መሠረት አይጠነክርም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ አልሞሉም። ስለሆነም ዩኒቨርሲቲዎች «የአቅም ማሻሻያ» ብለው የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት በግቢያቸው ውስጥ ማስተማር ግድ ሆነባቸው። የኮሌጁ ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይወርዳል ሲባል የሁለተኛ ደረጃው ወደ ኮሌጅ ወጣ ማለት ነው። ለመቅደም የሚፈልግ ተማሪ በቅድሚያ የክፍሉን ትምህርት ጠንቅቆ መያዝ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የገዳሪፍ ችግር ምን ላይ ነው?

በምሥራቅ ሱዳን ያለው ተማሪ ችግሩ ከዚህ የተለየ ነው። ዕውቀቱ አለ፤ የሚቆጥርለት ግን አያገኝም።

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በሱዳን ግን የሁለተኛ ደረጃው በዐረብኛ ነው፤ ከ1990 እ.ኤ.አ. በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቹም ወደ ዐረብኛ እንዲዞሩ ተደርጓል። በከተማው ያለው የገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ቢሆንም፣ ለመግባት የሱዳን የምስክር ወረቀት ወይም እኩያነቱ የተረጋገጠ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከጎንደር ወይም ከሑመራ 11ኛን ጨርሶ የመጣ ልጅ ፊዚክስ እያወቀ በቋንቋው ምክንያት ከታች ጀምር የሚባለው በዚህ ሳቢያ ነው።

ይህ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ኡም ራኩባ በስደተኛ ተሞልቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ይኸው ጣቢያ እንደገና ተከፈተ፤ ቱነይድባም ተጨመረ። በቀድሞው ዘመን የተገኘው አንዱ መፍትሔ የተልእኮ ትምህርት ነበር፤ በ1984 እ.ኤ.አ. በካርቱም የተቋቋመው የሱዳን ክፍት ትምህርት ክፍል በሱዳን ላሉ ስደተኞች በጽሑፍ የተዘጋጀ ትምህርት ያቀርብ ነበር። መጽሐፉና ብዕሩ ከተገኘ በድንኳንም ሊማሩ እንደሚቻል ይህ አሳይቷል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ጉዞው በሁለቱም አቅጣጫ ሆኗል። ሱዳናውያን ተማሪዎችም በገላባት በኩል ወደ መተማ ወጥተዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. መሰጠት የነበረበት የሱዳን የምስክር ወረቀት ፈተና የተጀመረው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ጊዜ ማጣት የአንድ ወገን ልጆች ዕጣ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ተማሪው አስቀድሞ ክሬዲት ማግኘት ባይችል እንኳ፣ የተማረው በኋላ እንዲቆጠርለት ከዛሬ ጀምሮ ሊሠራ የሚገባው ሥራ አለ።

ሀ/ ከመጀመር በፊት መጠየቅ። በስልክ የሚሰጡ የበይነ መረብ ትምህርቶች በርካታ ናቸው፤ ጥቂት የማይባሉትም ነፃ ናቸው። ሲጨርሱ የሚሰጡት ወረቀት ግን በአብዛኛው «ተከታትሏል» የሚል እንጂ ክሬዲት አይደለም። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ይቅረብ፤ ክሬዲቱን የሚሰጠው ማን ነው? ፈተናው የሚሰጠው በማን ተቆጣጣሪነት ነው? የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲስ የትኛው ነው? ለሦስቱም በጽሑፍ መልስ ካልተገኘ ለዕውቀት መማር ይቻላል፤ ገንዘብ መክፈል ግን አይመከርም።

ለ/ ስምን አንድ ማድረግ። የእኛ ስም በግእዝ ፊደል፣ በላቲንና በዐረብኛ ሲጻፍ ሦስት ሰው ይመስላል። «ጨ»ና «ኘ» በዐረብኛ ፊደል ራሳቸውን የቻሉ ምልክት የላቸውም። ከዚህም ሌላ እኛ የምንጽፈው እስከ አያት ሲሆን፣ በሱዳን እስከ ቅድመ አያት፣ አራት ስም መጻፍ የተለመደ ነው። ተማሪው በላቲን የሚጻፍበትን አንድ ፊደላት መርጦ ከዚያ አይውጣ።

ሐ/ ዘመኑን ማስጻፍ። በካርድ ላይ «2012» ተብሎ የተጻፈን ዓመት የውጭ አገር ሬጅስትራር እንዳለ ቢያነበው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይፈጠራል። ትናንት ከ10ኛ ያለፈ ልጅ ትምህርቱን ከተወ ብዙ ዘመኑ ይመስላል። ስለዚህ በየማስረጃው ላይ የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ።

መ/ የትምህርቱን ይዘት መያዝ። ተቀባይ ተቋም የሚያመዛዝነው የትምህርቱን ስም ሳይሆን ይዘቱን ነው። «ሒሳብ፣ 82» የሚል ካርድ ምን እንደተማረ አይናገርም። መምህራን ይህን ክፍተት መሙላት እንችላለን። ለየትምህርቱ አንድ ገጽ ይበቃል፤ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተሰጠ፣ ስንት ሳምንት እንደቆየ፣ የትኞቹ ምዕራፎች እንደተሸፈኑ፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ ፈተናው ምን ይመስል እንደነበር ተጽፎ፣ መምህሩ ፈርሞ፣ ርእሰ መምህሩ ማኅተም ያድርግበት። በጣቢያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ የምናስተምርም ብንሆን መዝገብ መያዝ አይከለከልም። ማኅተም ባይኖር እንኳ በየዕለቱ የተጻፈ መዝገብ በኋላ ከሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ የበለጠ ይታመናል።

ሠ/ ዋናውን አለመስጠት። ዋናው ማስረጃ ከእጅ አይውጣ፤ ቅጂው ይሰጥ። ፎቶግራፉም በራስ ስልክ ብቻ ሳይሆን በሌላ ታማኝ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ስልክ ይጠፋል፤ ወረቀትም በክረምት ጎርፍ ይበላሻል።

ማጠቃለያ

ባጭሩ፣ ለተማሪዎቻችን ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ የኮሌጅ ክሬዲት ማግኘት በዓለም ላይ የሚሠራበት ነገር ነው፤ በገዳሪፍና በመተማ ግን ለብዙዎቻችሁ በሩ ገና አልተከፈተም። ተከፍቷል ብለን ተስፋ ብንሰጣችሁ ማታለል ይሆንብናል። ነገር ግን ሳይቆጠር የሚቀር ትምህርት ሁሉ ባለመማር የመጣ አይደለም፤ አብዛኛው ባለመመዝገብ የጠፋ ነው። ይህ ደግሞ በእጃችን ነው።

በአታክልት ጥላ ሥር ወይም በሸራ ድንኳን ውስጥ የተሰጠች አንዲት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ቀኗና ርእሷ ከተጻፈ፣ ከዓመታት በኋላ በአንድ ሬጅስትራር ጠረጴዛ ላይ ምስክር ትሆናለች። ስለዚህ መምህራን ባልደረቦቻችን፣ የተከበረውን ሥራችሁን ስትሠሩ ከጠመኔው ጎን መዝገቡንም አትርሱ። ተማሪዎችም በያላችሁበት ደብተራችሁን ጠብቁ። መንገዱ ሲከፈት ባዶ እጁን የሚቆም ልጅ እንዳይኖር ከአሁኑ እንዘጋጅ።