የልጆችን እንግሊዝኛ በቤት ስለ ማረም

በደምበጫና በዙሪያዋ ላሉ ልጆች፥ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ፥ ከ9ኛው ክፍል ጀምሮ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡን እያወቀ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ ብቻ የሚወድቅ ልጅ አለና፥ ወላጆች ነገሩን አቅልለው እንዳያዩት እንለምናለን።

ብዙው ስሕተት ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ በቀና አማርኛ የተሠራ ነው እንጂ። «ሁለት ልጅ መጣ» ብንል ማንም አይነቅፈንም፤ ልጁም ይህንኑ ይዞ «ቱ ቦይ ኬም» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩ ቢነገርም ስሙን ያበዛዋልና «ቱ ቦይዝ» ይሻል። ደግሞ አማርኛ «ይሄዳል» ሲል የባለቤቱን ምልክት በግሡ ራስ ላይ ያኖራል፤ እንግሊዝኛ «ሂ ጎዝ» ሲል በጅራቱ ያኖረዋል። ልጁም ጅራቱን መፈለግ ስላልለመደ «ሂ ጎ» ብሎ ያልፈዋል። «ምንም እንኳ» ብሎ የጀመሩትን በ«ነገር ግን» ማሰር ለእኛ ያምርብናል፤ በ«ኦልዞ» ጀምሮ «በት»ን መጨመር ግን በእንግሊዝኛ ነውር ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ተማሪው ግሥና እርባ ቅምር አጥንቶ ቅኔውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። የእንግሊዝኛውም እንዲሁ ቢሆን መልካም ነው። እንግሊዝኛ የማያውቁ አባትና እናት እንኳ፥ ማታ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው (የሚሥቁበትን ታላላቆቹን ግን ራቅ አድርገው)፥ «አድራጊው ማን ነው? ስንት ነው? መቼ አደረገው?» ብለው ይጠይቁት። በአማርኛ ሲመልስ ዐይኑ ወደ ግሡ ይመለሳልና፥ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል። ያገኘውንም በገዛ እጁ ሰርዞ ያቅናው።