ባለ ሃምሳ ሺው ካርታና የገጠሩ ትናንት

በመንገድ ሥራ ፕሮጀክቶችና በዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ክፍሎች ለዓመታት ያገለገለው ባለ አንድ ለሃምሳ ሺህ ስኬል የመልክዓ ምድር ካርታ አነባበቡ ቀላል ነው፤ ወረቀቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ሉክ በኬክሮስም በኬንትሮስም 15 ደቂቃ፣ ማለትም በየጎኑ 27 ኪሎ ሜትር ግድም ይይዛል። አንድ ገበሬ ገበያ የሚወጣበት፣ ልጁን የሚድርበትና ለንግሥ የሚሄድበት አገር በአብዛኛው እዚያው ውስጥ ይገኛል። የካርታ ሥራው ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው።

ብዙ ሰው ካርታን የሚፈልገው ቦታ ለማግኘት ነው። በእኔ ግምት የዚህ ካርታ ትልቁ ጥቅም የሚጀምረው ግን ካረጀ በኋላ ነው። ሰማያዊው መስመር ሳይቋረጥ ከተሰመረ፣ ካርታው ሲሠራ ወንዙ በጋ ከክረምት ይፈስ ነበር ማለት ነው፤ ከተቆራረጠ የክረምት ብቻ ነው። ይህን ይዞ የካቲት ላይ ወንዙ ዳር መቆም ብዙ ያሳያል። የተራራውን ከፍታ የሚናገሩት ቡናማ የኮንቱር መስመሮች ብዙም አይለወጡም። የሚለወጠው ጫካው፣ ረግረጉ፣ የእግር መንገዱና የጎጆዎቹ ነጥብ ነው።

ከሁሉ በፊት መነበብ ያለበት ህዳጉ ነው። ካርታው የታተመበት ዓመትና መነሻ የሆነው የአየር ፎቶግራፍ የተነሣበት ዓመት አንድ አይደሉም፤ ለታሪክ ፈላጊ የሚቆጠረው የፎቶው ነው። በሐረርጌ ወይም በአርሲ ፎቶው ከ1977 ዓ.ም. በፊት የተነሣ ከሆነ ጎጆዎቹ በየማሳው ተበትነው ይታያሉ፤ ከደርጉ የመንደር ምሥረታ በኋላ ከሆነ በረድፍ ተደርድረው። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙዎች መንደሩን አፍርሰው ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ ካርታው ላይ የሚታየው መንደር የጥቂት ዓመታት ዕድሜ ብቻ የነበረው ሊሆን ይችላል።

የድሮ ካርታ ምን ያህል እንደሚናገር ለማየት እንደ በሰቃ ሐይቅ ያለ ቦታ የለም። በሰቃ ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ፣ መተሐራ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተነሡ የአየር ፎቶግራፎች ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ2000ዎቹ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ጨዋማ ውኃ ውስጥ ገብቷል፤ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳናም አሁን ሐይቁን ሰንጥቆ ያልፋል። የሐረማያ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጨርሶ ደርቆ ነበር፤ ውኃው የተመለሰው ኋላ ነው። ካርታው የሆነውን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም። የበሰቃን መስፋፋት አንዳንዱ ተመራማሪ ከመስኖ እርሻዎች በሚሰርገው ውኃ፣ ሌላው በከርሰ ምድር ለውጥ ያሳብባል።

ከዚህም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ኢትዮጵያን ከአየር አንሥተው ካርታ ሠርተውባታል። ከ8,000 በላይ ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ የተለጠፉት እነዚያ ፎቶዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ቆይተው፣ የመቐለና የቤልጅጉ ጌንት ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ለጥናት አውለዋቸዋል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ያነሷቸው ፎቶዎችም የተነሡበት ቦታ ተፈልጎ ከዛሬው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በትግራይ ብዙ ቦታ ዛሬ ያለው ዛፍ ከያኔው ይበልጣል። «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው አገራችን ደን ነበር» የሚለውን አባባል እየደጋገምን ላደግን ሰዎች ይህ አይዋጥም፤ ግን ማስረጃው ፎቶዎቹ ላይ ተቀምጧል።

አሮጌ ካርታን በሳተላይት ምስል ላይ ለመደረብ የሚሞክር አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። የኛ የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፤ ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ሌላ ነው። ሳያስተካክሉ ከደረቡት ሁሉም ነገር ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይሸሻል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። ለማስተካከል ጎጆና መንገድን መያዝ አይበጅም፤ ይዛወራሉ። ደጋው ላይ ከሆኑ የቆየ ደብር ይያዙ፤ የሁለት ወንዞች መገናኛም ይሆናል። ደብሩን የከበበው ጽድ በአየር ፎቶ ላይ ጠቁሮ ስለሚታይ ለማግኘት አያስቸግርም።

ቤትዎ ወይም ቢሮዎ ውስጥ የተጠቀለለ አሮጌ ሉክ ካለ ህዳጉን ሳይቆርጡ ፎቶ ያንሡት። ከዚያ ቦታው ድረስ ይዘውት ይሂዱና ካርታው ላይ ያለ፣ መሬቱ ላይ ግን የጠፋ አንድ ነገር መርጠው የአካባቢውን አዛውንት ይጠይቁ።