ስድስት ማሲንቆ በአንድ ጊታር

የጊታሬን ወፍራም ክር መታሁ። ከላፕቶፑ የማሲንቆ ድምፅ ወጣ፤ ግን ዘግይቶ። ደግሜ መታሁ፤ አሁንም ዘገየ። ቀጭኑን ክር ስነካው ወዲያው አቤት አለ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ልዩነት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ወዳጄ ጋር ነው። ማሲንቆውን ድምፅ በድምፅ ቀድተን የተቀዳ ድምፅን በኖታ በሚያጫውት ሶፍትዌር (ሳምፕለር) ውስጥ ከተትነው። ኪቦርድ ላይ ስሞክረው ድምፁ የማሲንቆ፣ አነጋገሩ የፒያኖ ሆነብኝ። ማሲንቆ ከኖታ ወደ ኖታ የሚሄደው እየተንሸራተተ ነው፤ የኔ ጣቶች ደግሞ መንሸራተትን የሚያውቁት ጊታር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ጊታርን ወደ ሚዲ የሚለውጥ መሣሪያ ፍለጋ ገባሁ።

ሚዲ የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ነው፦ ይህን ኖታ በዚህ ጉልበት ጀምር፣ አሁን አቁም የሚል። እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነው ይህ ቋንቋ ለኪቦርድ ይመቻል፤ ቁልፉ ገና ሲጫን ኖታው ይታወቃልና። ክር ግን ሲመታ ይርገበገባል እንጂ ስሙን አይናገርም። መሣሪያው ርግብግቢቱን ለክቶ ስሙን ማወቅ አለበት።

ሁለት መንገድ አገኘሁ። አንደኛው ጊታሩን በተለመደው ገመድ ከኦዲዮ ኢንተርፌስ አገናኝቶ ልየታውን ለሶፍትዌር መተው ነው፤ የጃም ኦሪጅን ሚዲ ጊታር እንዲህ ይሠራል። ሁለተኛው እያንዳንዱን ክር ለብቻው የሚያዳምጥ ፒክአፕ ከብሪጁ አጠገብ መግጠም ነው። የሮላንድ ጂኬ-3 በ13 ፒን ገመድ፣ የፊሽማን ትሪፕልፕሌይ ደግሞ ያለ ገመድ ይህን ያደርጋሉ። ሁለቱም ፒክአፖች ማግኔት ስለሆኑ የብረት ክር ይፈልጋሉ፤ የናይለን ክር ያለው ጊታር አይሆናቸውም።

በሶፍትዌሩ ጀመርኩ። ነጠላ ዜማ ስጫወት ደስ አለኝ። አንዱን ክር ይዤ ሌላውን ስስብ ግን ሁለቱም ድምፆች አብረው ተሳቡ። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ለካ በሚዲ የፒች ቤንድ (ድምፁን የመሳብ) ትእዛዝ የሚደርሰው ለአንድ ኖታ ሳይሆን ትእዛዙ በተላከበት ቻናል (የሚዲ መስመር) ላሉት ኖታዎች ሁሉ ነው። እኔ ስድስቱንም ክር በአንድ ቻናል ነበር የምልከው።

መልሱ የመጣልኝ ወዳጄን ቁጭ ብዬ ሳየው ነው። ማሲንቆው አንድ ክር ብቻ አለው፤ ጣቱ ወደየትም ቢንሸራተት የሚጎትተው ሌላ ድምፅ የለም። እንግዲያው ጊታሬም ስድስት ማሲንቆ መሆን ነበረበት፤ ለአንድ ክር አንድ ቻናል። ክሮቹን ለየብቻ የሚያዳምጠውን ፒክአፕ የመረጥኩት ያኔ ነው።

ገጠማው ትዕግሥት ይፈልጋል። ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኜ በእሱና በፒክአፑ መካከል 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ተውኩ። ከዚያ እያንዳንዱን ክር ባለኝ ኃይል እየመታሁ፣ መለኪያው ጫፍ ሳይነካ እንዲቆም የየክሩን ሴንሲቲቪቲ አስተካከልኩ። ሳልመታቸው ብቅ ይሉ የነበሩት የውሸት ኖታዎች አብዛኞቹ በዚህ ጠፉ፤ የቀሩት የማልጫወትበትን ክር በመዳፌ ማፈን ስጀምር ለቀቁኝ።

አሁንም ስንሸራተት ዜማው ከቦታው እምብዛም አልተነቃነቀም። ክሩን ሁለት ሴሚቶን ስስበው የሚሰማኝ የአንድ ሴሚቶን ሲሶ ብቻ ነበር። ይህ ሲሶ ራሱ ፍንጭ ሆነኝ፦ መለወጫው የፒች ቤንዱን ስፋት 12 ሴሚቶን ብሎ ሲልክ ሳምፕለሩ 2 ብሎ ይቀበለው ነበር። በስድስቱም ቻናል ሁለቱን 12 ላይ አስማማኋቸው። ጣቴ ከፍሬት ፍሬት ሲሄድ ድምፁ ሳይቆረጥ ተከተለኝ።

የቀረው ያ ወፍራም ክር ነበር። የኢንተርፌሱን በፈር (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን) ከ512 ወደ 128 ሳምፕል ዝቅ አደረግኩ፤ በ44,100 ሄርዝ ሲሰላ ከ12 ሚሊሰከንድ ገደማ ወደ 3 መውረድ ነው። ሁሉም ክር ፈጠነ፤ ወፍራሙ ግን አሁንም ከኋላ ቀረ። እስክሪብቶ አንሥቼ አሰላሁ። ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ አንዱን ዙር ለመጨረስ 12 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። ቀጭኑ ክር 330 ጊዜ ስለሚርገበገብ 3 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። ኖታውን ለመለየት ቢያንስ አንድ ዙር ወይም ሁለት መጠበቅ ግድ ነው። የትኛውም የማስተካከያ ቁልፍ ክሩን ከተፈጥሮው አያፈጥነውም።

ስለዚህ የእጄን ቦታ ቀየርኩ። ዜማውን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጌ እየተጫወትኩ ሳምፕለሩ 12 ሴሚቶን እንዲያወርደው አደረግኩ። ርግብግቢቱ እጥፍ ስለሆነ የጥበቃው ጊዜ በግማሽ ቀነሰ።

በነጋታው ወዳጄ መጣ። ትዝታን በአንድ ክር ላይ ብቻ ጣቴን እያንሸራተትኩ ተጫወትኩለት። ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ ሲያበቃ ስለ መሣሪያው አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። የግራ እጄን ይዞ ጣቴን በክሩ ላይ በዝግታ ወደ ላይ ገፋ አደረገና፣ «እዚህ ጋ አትቸኩል፤ ይዘኸው ቆይ» አለኝ።

ያ እርማት ለኔ ከምስጋና በላይ ነበር፤ ወዳጄ የሚያርመው ማሲንቆ ሲሰማ ብቻ ነውና።