ስዋን-ጋንዝ፦ ልብን አልፎ የሚሄደው ካቴተር መንገድ ሲስት

ስዋን-ጋንዝ የሚባለው ካቴተር 110 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ነው። ጄረሚ ስዋንና ዊሊያም ጋንዝ በ1970 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ላይ ሆነው ይፋ ያደረጉት ይህ መሣሪያ ብልሃቱ ያለው ጫፉ ላይ ባለችው ፊኛ ነው። 1.5 ሚሊ ሊትር አየር ሲገባላት ደሙ ራሱ እየገፋ ቱቦውን በቀኝ ልብ በኩል ወደ ሳንባ ደም ቅዳ ያደርሰዋል። በከባድ የልብ ቀዶ ሕክምና ላይ የሰመመን ባለሙያው በአንገት ደም መልስ አስገብቶ ግፊቱን ይከታተልበታል። መሪው ደም ስለሆነ ግን ቱቦው መንገድ ሲስትም ያለ ድምፅ ነው፤ ሞኒተሩም ቁጥሩን ያሳያል እንጂ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

ቦታውን የሚናገረው ሞኒተሩ ላይ የሚታየው የግፊት ሞገድ ቅርጽ ነው። ጤናማ ሰው ላይ የላይኛው ግፊት በቀኙ የታችኛ የልብ ክፍልም በሳንባ ደም ቅዳም ከ15 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ስለሆነ እሱ ብቻውን አይለይም። ልዩነቱ የሚታየው ልብ ስታርፍ ነው፦ ጫፉ ገና ልብ ውስጥ ካለ ግፊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋና ደም ሲሞላ መስመሩ ሽቅብ ያዘነብላል፤ ሳንባ ደም ቅዳ ከገባ የታችኛው ግፊት ከፍ ይልና መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። በቀኝ አንገት የገባ ቱቦ 60 ሴንቲ ሜትር ሄዶም የልብ ሞገድ የሚያሳይ ከሆነ ውስጥ ተጠቅልሏል ብሎ መጠርጠር ነው፤ አየሩን አስወጥቶ መሳብ ይገባል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ቱቦው አልፎ ሲሄድ ነው። የልብና ሳንባ ማሽን ሥራውን ተረክቦ ልብ ባዶ ስትሆን ጫፉ ወደ ጥልቀት ይንሸራተታል፤ ፊኛዋ ሳትነፋ ሞገዱ ከተኛ በጠባብ ቅርንጫፍ ውስጥ ተሰንቅሯል፤ በዚያ ላይ ፊኛዋን መንፋት የደም ሥሩን ሊቀድ ይችላል።

ራጅና በጉሮሮ የሚገባ ኢኮ እያለ ሞገድ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ራጅ የሚያሳየው የአንድ ቅጽበት ምስል ነው፤ ኢኮም ዋናውን ደም ቅዳ እንጂ ሩቁን ቅርንጫፍ እምብዛም አያይም። የግራ ልብን የላይኛና የታችኛ ክፍል የሚለየው በር ክፉኛ ሲያፈስ የተሰነቀረ ጫፍ ሞገድ የደም ቅዳን ሞገድ ይመስላል መባሉ እውነት ነው፤ ኢሲጂው አጠገቡ ከታየ ግን የተሰነቀረው ሞገድ ከፍተኛ ነጥብ ከኢሲጂው ቲ ሞገድ በኋላ ስለሚመጣ ይለያል። የእንግሊዙ የ2005 ፓክ-ማን ጥናት በጽኑ ሕሙማን ላይ ከዚህ ካቴተር ግልጽ ጥቅም አላገኘም፤ ስለዚህ ለሁሉም ታማሚ ይግባ የሚል ክርክር የለኝም። ነገር ግን በ1990 በአሜሪካና በካናዳ ከተፈተኑት 496 ሐኪሞች 47 በመቶው ከጠራ ሞገድ ላይ እንኳ ትክክለኛውን ግፊት ማንበብ አልቻሉም። ሞገዱን የማያነብ እጅ ቱቦውን ባያስገባው ይሻላል።