«ኬሞው ነው የገደላት» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ወር ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጎረቤታችን ጉበታቸው ድረስ በተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ነው ያረፉት። አጠገቤ የነበሩ ሰውዬ ንፍሮ እየዘገኑ «በሽታው መች ገደላት፤ ኬሞው ነው እንጂ» አሉ። ይህን የሰማች አንዲት ልጅ ቀበል አድርጋ፣ የጡት ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና የወጣላት እህቷ ሁለት ዙር ኬሞ ወስዳ የቀረውን ልትተወው እንደሆነ ነገረችን። «ደህና ሆናለችኮ፤ ለምን ትሠቃያለች?» አለች። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ግን መድኃኒት ቀማሚ ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ። ሁለቱ ሴቶች የወሰዱት ነገር ስሙ ኬሞ ይሁን እንጂ የተሰጠበት ምክንያት ለየቅል ነው። ይህን ሳይለዩ «ይቅርብሽ» ማለት ሰው ያስከፍላል።

ኬሞ ፈጥነው የሚባዙ ሕዋሳትን ያጠቃል። የፀጉር ሥር፣ የአንጀት ሽፋንና መቅኔም ፈጥነው ስለሚባዙ አብረው ይመታሉ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ አልቆይበትም። የማይታወቀው ሂሳቡ ነው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃዋርድ ስኪፐር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሉኪሚያ በያዛቸው አይጦች ላይ እንዳሳየው፣ አንድ መጠን መድኃኒት የሚገድለው የተወሰነ ቁጥር ሳይሆን የተወሰነ ድርሻ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዕጢ በግምት 1 ቢሊዮን ሕዋሳት ይይዛል። ለምሳሌ ያህል አንድ ዙር ከመቶ 90ውን ይገድላል እንበል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 100 ሚሊዮን፣ ከሁለተኛው በኋላ 10 ሚሊዮን፣ ከሦስተኛው በኋላ 1 ሚሊዮን ይቀራል። 1 ሚሊዮን ሕዋስ ተሰብስቦ ሁለት ሦስት የጤፍ ፍሬ ቢያክል ነው። እጅ አይዳስሰውም፤ ሲቲ ስካንም አይለየውም። ታማሚዋ «ደህና ሆኛለሁ» የምትለው እዚህ ላይ ነው።

ጤፍ ያረመ ሰው ይህን ያውቃል። አንዴ ታርሞ የተተወ ማሳ ከሩቅ ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ከሥር የቀረችው አረም ግን ዘሯን ትጥላለች። የአራጣ ዕዳም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛውን ከፍሎ ጥቂቱን የተወ ሰው ወለዱ መልሶ እዚያው ያደርሰዋል። በዙሮች መካከል ሁለት ሦስት ሳምንት የሚሰጠው መቅኔው እንዲያገግም ነው። ካንሰሩም በዚያው ጊዜ ያንሰራራል፤ ጤነኛው ሕዋስ ቀድሞ ስለሚያገግም ግን ቀጣዩ ዙር ይደርስበታል። ቀኑ ሲዘለል ይህ ብልጫ ይጠፋል።

ስለዚህ ዕጢው ከወጣ በኋላ የሚሰጥ ኬሞ ለጤነኛ ሰው የተሰጠ መርዝ አይደለም። የቀሩት ሕዋሳት ጥቂት በሆኑበት ሰዓት ሂሳቡ ለመድኃኒቱ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ካንሰራቸው ወደ ሩቅ አካል ሳይሰራጭ የተለመደውን ሕክምና ትተው በአማራጭ ሕክምና ብቻ የተወሰኑ ሰዎች የመሞት አደጋ የተለመደውን ከወሰዱት 2.5 እጥፍ ነበር፤ በጡት ካንሰር ከ5 እጥፍ በላይ።

የሙያዬን ድክመትም አልሸሽግም። የስኪፐር ሂሳብ የአይጥ ሉኪሚያ ሂሳብ ነው፤ የጡትና የአንጀት ዕጢ እንዲህ ጥርት ብሎ አይታዘዝለትም። በአንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶች ጥቅሙ ከማነሱ የተነሳ ሐኪሙ ራሱ ኬሞ አያስፈልግም ይላል።

ካንሰሩ ከተሰራጨ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ከብዙ ቢሊዮን ሕዋሳት መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙ አስቀድሞ ይኖራሉ፤ ሌላው ሲሞት እነሱ ሜዳውን ይወርሱታል። የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰርና አንዳንድ የሊምፍ ካንሰሮች ተሰራጭተውም ይድናሉ። በአብዛኞቹ ግን ኬሞ የሚሰጠው ዕድሜ ለመጨመርና ሕመም ለማቅለል እንጂ ለማዳን አይደለም። እዚህ ላይ «በልቼ፣ ተኝቼ፣ ከልጆቼ ጋር ተጫውቼ ልሰንብት፤ ኬሞው ይቅርብኝ» ማለት ተስፋ መቁረጥም አላዋቂነትም አይደለም።

ኬሞ ተወ ማለት ሕክምና ተወ ማለትም አይደለም። ሕመምን፣ የትንፋሽ እጥረትን፣ ጭንቀትን የሚይዘውን ዘርፍ «የማስታገሻ ሕክምና» እንለዋለን። ቃሉ አይጥመኝም፤ ሰው ከፋርማሲ የሚገዛውን የራስ ምታት ክኒን ያስታውሰዋል። ማስታመም የሚለው የእናቶቻችን ቃል ይቀርበዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይህን ሥራ ታማሚው ቤት ድረስ እየሄደ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ቦስተን ውስጥ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ባለባቸው 151 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ከመደበኛው ሕክምና ጎን ይህ እንክብካቤ ከጅምሩ የተሰጣቸው ሰዎች የተሻለ ኑሮ ኖሩ፤ በመጨረሻው ሰሞን ከባድ ሕክምና የወሰዱትም ያነሱ ነበሩ። ሆኖም በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 11.6 ወር ሆነ፤ መደበኛውን ሕክምና ብቻ የወሰዱት 8.9 ወር። ጥናቱ የአንድ ሆስፒታል ነው፤ የዕድሜው ጭማሪ በኋላ በመጡት ጥናቶች ሁሉ አልተደገመም። የኑሮው መሻሻል ግን ደጋግሞ ታይቷል።

እንግዲህ ውሳኔው የሚጀምረው ሐኪሙን በመጠየቅ ነው። መድኃኒቱ የሚሰጠኝ ለመዳን ነው ወይስ ለመሰንበት? ምን ያህል ጊዜ ይጨምርልኛል፣ ያ ጊዜ በምን ሁኔታ ያልፋል? ብተወውስ ምን ታደርጉልኛላችሁ? ለልጅቷ የጤፉን ፍሬ ነገርኳትና እህቷን ይዛ ወደ ሐኪሟ እንድትመለስ ለመንኳት።

ጎረቤታችን ግን እነዚህን መጠየቅ አልቻሉም። ልጆቻቸው እንዳይደነግጡብን ብለው የጨጓራ ቁስለት ነው ብለዋቸው ነበር። ኬሞው ይጀመር የተባለውም ኮሪደር ላይ፣ እሳቸው በሌሉበት ነው። መጥፎ ልጆች ሆነው አይደለም፤ ፍቅር ነው። ነገር ግን ለቅሶ ቤት በንፍሮ የተነሳው ክርክር እሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ አልጋቸው አጠገብ፣ በራሳቸው አንደበት መነሳት ነበረበት።