የነዳጅ ጀሪካን ስንገዛ ምኑን እንይ?

በበጋ ወራት ከወረታ ወጣ ብሎ ወደ ፎገራ ሜዳ የተጓዘ ሰው ከሩቅ የሚሰማው የውሃ ፓምፕ ድምፅ ነው። ከጉማራና ከርብ ወንዞች ውሃ እየተሳበ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ይጠጣል። ማሳው አጠገብ ግን ነዳጅ ማደያ የለም። ስለዚህ ቤንዚኑም ናፍጣውም በሞተር ብስክሌት፣ በባጃጅ፣ በአይሱዙ፣ አንዳንዴም በጋሪ የሚደርሰው በጀሪካን ነው። እኛም ነገ ተመርቀን የምንመደበው እንዲህ ባለው ገጠር ነውና (የትምህርት ቤት ጄኔሬተርም ነዳጅ ይጠጣል) ስለ ጀሪካን አመራረጥ ጥቂት ማለት ወደድን።

ጀሪካን የሚለው ስም የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ነዳጅ መያዣ አሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ በረሃ የተዋጉት እንግሊዞች ቆርቆሯቸው ስስ ስለነበር ነዳጃቸው በየመንገዱ እየፈሰሰ አስቸገራቸው። ከጀርመኖች የማረኩትን ይዘው መጠቀም ጀመሩ፤ ኋላም አስመስለው ሠሩት። «ጄሪ» እንግሊዞች ለጀርመን ወታደር ያወጡለት ቅጽል ስም ነው። ሦስቱ እጀታዎች ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም፤ ሙሉውን ሁለት ሰው እንዲይዘው፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት እንዲያንጠለጥል ነው። በጎኑ ያለው የመስቀል ቅርጽም ላሜራውን ያጠነክረዋል።

ወደ ገበያችን ስንመለስ፣ ብዙ ሰው የሚይዘው ያለቀበትን ቢጫ የምግብ ዘይት ጀሪካን ነው። ርካሽ ነው፤ በየቤቱም አለ። ዘይት ስለያዘ ቤንዚን ይይዛል ማለት ግን አይደለም። ቤንዚን ፀሐይ ሲያገኘው ይተናል፣ መጠኑም ይጨምራል። 20 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ከፍ ቢል ወደ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጨምራል። እስከ አፉ ከተሞላ ታዲያ የት ይሂድ? ያንን ስስ ክዳን ገፍቶ ይወጣል። ከመካከላችን አንዱ ይህን የተማረው በስንቁ ነው፤ ከአገር ቤት ሲመጣ መኪናው ላይ ከዘይት ጀሪካን ጎን ያስቀመጠው በሶ ቤንዚን ጠጥቶ ደረሰ። በሶው ተደፋ፣ ሳቁ ግን ሳምንት ቆየ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መኪናው ወለል ላይ ይተኛል፤ አንድ ክብሪት ይበቃዋል።

እንግዲህ ፕላስቲክ ሁሉ መጥፎ ነው አንልም። የብዙ መኪኖች የነዳጅ ታንክም ፕላስቲክ ነው። ልዩነቱ ውፍረቱና ክዳኑ ላይ ነው። ለነዳጅ ተብሎ የተሠራው በአውራ ጣት ሲጫኑት በቀላሉ አይሰረጉድም፤ ክዳኑ ውስጥም የጎማ ቀለበት አለው። ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን 2 ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ እሱ የፕላስቲኩን ዓይነት እንጂ ጥንካሬውን አይናገርም፣ የዘይቱም ጀሪካን ሊኖረው ይችላል። የብረቱ ዋጋው ይወደዳል፤ ፀሐይ አይበግረውም፣ ጠላቱ ዝገት ነው። ያገለገለ ከሆነ ባትሪ አብርታችሁ ውስጡን፣ በተለይም የብየዳውን መስመር እዩ። የትኛውም ቢሆን ስትቀዱ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ ጫፉን ጥቂት ባዶ ተዉለት፤ ስትጭኑም አቁማችሁ እሰሩት።

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን መቀላቀሉ ነው። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ጓዳ ሲቀመጥ፣ ውሃ የጠማው ሕፃን ምን ያውቃል? ኩራዝ የሚያበራ ቤትም አለ። ላምባ የሚቀጣጠል ትነት እንዲያወጣ ወደ 40 ዲግሪ መሞቅ ይፈልጋል፤ ቤንዚን ግን በብርድም ያወጣል። ቤንዚን በነበረበት ጀሪካን ላምባ ተቀድቶ ወደ ኩራዙ ከገባ፣ ሲለኮስ ሊፈነዳ ይችላል፤ መብራቱ ሥር ተቀምጦ የሚያጠናው ደግሞ የኛው ተማሪ ነው። ስለዚህ የቤንዚኑ ጀሪካን ለቤንዚን ብቻ ይሁን፣ በቀለምም ይጻፍበት።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ውሃ ሙሉበት፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ደረቅ ወረቀት ላይ ዘቅዝቃችሁ ሻይ እስክትጠጡ ተዉት። ወረቀቱ ከራሰ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ። ካልራሰ ገዝታችሁ፣ ነዳጅ ሳትቀዱበት ውስጡን በደንብ አድርቁት፤ የቀረች ውሃ ፓምፑን ታስነጥሰዋለች።